ትኋኗ ተንቀሳቀሰች

ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ባጃጅ ውስጥ ትዝ ይለኝና ብቻዬን «ኤጭ!» እላለሁ፤ ሾፌሩ ዞሮ ያየኛል።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ፣ የእናቴ ጓደኛ፣ «ኮምፒውተር ተምረህ የለ? እንግዳው ዋጋችንን በስልኩ እንዲያይ አድርግልኝ» አሉኝ። ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ዲሽ ያስተካክላል፣ ቴሌብር ይጭናል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይፈታል። ክፍያው ቡና ነው። ጅማ ላይ፣ ቡና!

እኔ ደግሞ ጉራ አይጠፋኝም። ያለቀለት ሰርቨር፣ ማለትም ገጽ ለጠየቀ ስልክ የሚያቀብል ፕሮግራም፣ በነጻ ሞልቶ ሳለ የራሴን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ። ፖርት 8080 የሚባል የኮምፒውተር በር ላይ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል፤ ስልኩ ገጹን ሲጠይቀው ፋይሉን ከፎልደር ያወጣል፤ «200 ኦኬ» (ሁሉ ደህና) ብሎ ርዝመቱን ይናገርና ይልካል። በእንግሊዝኛ ስሞክረው አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

አማርኛውን ያስጻፉኝ እትዬ ናቸው። «አልጋዎቻችን ላይ ትኋን የሚባል ነገር የለም» የምትለዋን እንተዋት ብዬ ለምኛቸው ነበር።

«ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ጻፍ!»

ጻፍኩ።

ማታ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ሪሴፕሽኑ ውስጥ ሰብስቦታል። እትዬ «ኢንጂነሩ ራሱ ነው የሠራው!» ብለው አስተዋወቁኝ። አንድ ቡና ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «አልጋዎቻችን ላይ ትኋን...»

ዝም አለ። «አለቀ» አለ።

ዋጋው የለ፣ ሙቅ ውሃው የለ። «የለም» የምትለዋ ራሷ የለችም!

ሰርቨሩ ርዝመቱን የተናገረው በፊደል ቆጥሮ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው ኮምፒውተር መረጃ በሚለካባት ትንሽ ቁራጭ፣ በባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ የኛ ሦስት ይፈልጋል። ስለዚህ ስልኩ የተነገረውን ያህል ተቀበለና በቃኝ አለ። ይህን ዩቲኤፍ 8 የሚሉትን አሠራር ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. የቀየሱት ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው ነው። እነሱ እራታቸውን በሉ፤ ጅማ ላይ የተዋረድኩት እኔ።

ይባስ ብሎ የተቆረጠው «የ» ፊደል መሃሏ ላይ ነው። ግማሽ ፊደል ስልክ ላይ የሚወጣው ጥቁር ዳይመንድ ሆኖ፣ ውስጡ የጥያቄ ምልክት ይዞ ነው። ልክ ከ«ትኋን» አጠገብ ቁጭ ብሏል።

«እቺ ናት እንዴ?» አለ ነጋዴው።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አንዱ በጣቱ አሰፋትና «እግር አላት» አለ። አንዷ ስትንቀሳቀስ አይቻለሁ ብላ ማለች። አንድ አባት ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉ። ስልክ ውስጥ ያለች ትኋን ፈርተው! እትዬ እኔን ማየት አቁመው «ልጁ ነው የሠራው» ማለት ጀመሩ። የቅድሙ ኢንጂነር።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፤ ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሮ ከዚያ መቁጠር። አስተካከልኩና «አሁን ይዩት» አልኩት። ገጹ ሙሉውን መጣ። ነጋዴው ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ፈለገ።

«ገደላችኋት?»

«አዎ» አሉ እትዬ፣ «አስረጭተናል።»