እጩዎቹን አንድ ገጽ ያስሞላሁ ጊዜ

በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ያለችው ኮፒ ቤቴ ውስጥ ሁለት ማሽን ነበረኝ። አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ በየአሥር ገጹ ወረቀት ይይዛል። ቅስቀሳው የካቲት ላይ ሲከፈት ደስ ብሎኝ ነበር። ለዴሞክራሲው ብዬ ሳይሆን ለገበያው ነው፣ አልዋሽም። ጠዋት የአንዱ ፓርቲ ልጆች በራሪ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ከሰዓት የተቀናቃኙ። ሁለቱም “በዱቤ ይሁንልን” ይሉኛል። የፓርቲዎቹን ስም አልጽፍም፤ ለምነግራችሁ ነገር ለውጥ የለውም።

ማሽን ወረቀት ሲይዝ ቆሞ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለም። አንድ ቀን የተጨማደደውን ወረቀት ጎትቼ አወጣሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። “እነዚያ ከፋፋዮች”፣ “ትናንት ሲዘርፉን የነበሩ”፣ “የማን ተላላኪ እንደሆኑ የምናውቃቸው”። ገጹ አለቀ። እነሱ ራሳቸው ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ልፈልግ ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከሰዓት የመጣውን የሌላኛውን ወረቀት ደግሞ የፓርቲውን ስም በጣቴ ሸፍኜ ሳነበው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ውጭ ሞንታርቦ የጫነች አይሱዙ ትዞራለች። ዘፈን፣ ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ዘፈን። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት እንኳ የእሷ ጀነሬተር አይጠፋም። በሬ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ አንድ ቀን ስኒ እያጠበች፣ “እነዚህ ሰዎች እኮ ስለ እርስ በርሳቸው ነው የሚያወሩት፣ ስለ እኛ መቼ ነው ተራው የሚደርሰው?” አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። ያን ማታ ግን ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ስለ ሌላ ፓርቲ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር በቀይ ይሰመራል። ራሳቸው የሚሠሩትን የሚናገር በሰማያዊ። ለሰማያዊው ሕግ አወጣሁለት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ ከሚሉት ቢያንስ ሁለቱን መመለስ አለበት። “ልማትን እናፋጥናለን” አያልፍም። “የወጣቱን ተጠቃሚነት እናረጋግጣለን” የሚለውም አያልፍም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ እርሳስ አመጣሁ። ስጨርስ ገጾቹ የበርበሬ ስጥ መስለዋል። ሰማያዊ ያገኘው ከሁለቱም ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም ስብሰባው መቼና የት እንደሚደረግ የሚናገረው።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የቀባሁትን ሲያዩ ሳቁ። “ልጄ፣ ስድብ ዛሬ የመጣ መሰለሽ?” አሉና የ1997ን ምርጫ አነሱልኝ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ጎረቤት ሁሉ አንድ ቲቪ ፊት ተሰብስቦ ክርክር ሲያይ ነው። ጋሼ እንደሚሉት የዚያን ጊዜው ስድብ ከዛሬው ይብስ ነበር። ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ከተሳተፈው ታጣቂ ቡድን ከኢንተርሃምዌ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሶ ነበር። ከስድቡ ጎን ግን እውነተኛ ክርክር ነበር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ይሸጥ ይለወጥ፣ ፌዴራሊዝሙ በምን ይዋቀር፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ይከራከርበት ነበር። “እኛ ስድቡን ወረስን፣ ክርክሩን ጣልን” አሉኝ። ከ97 ምርጫ በኋላ የሆነውን ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ብዙ ሰው ስለ ፖለቲካ አፉን መያዝ የለመደው ያኔ ነው።

እንግዲህ ጥያቄ ላዘጋጅ አልኩ። አንድ ገጽ፣ አምስት ጥያቄ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አራት መስመር ክፍት ቦታ። ከላይ በደማቁ፦ “የሌላ ፓርቲ ስም ወይም ‘እነሱ’ የሚል ቃል ያለበት መልስ አይቆጠርም።” ጥያቄዎቹን ከደንበኞቼ ነው የለቀምኩት። የቧንቧ ውሃ፣ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን፣ የጎርፍ ቦይ፣ የመታወቂያ ወረፋ፣ የወጣት ሥራ። በጣም ኮራሁበት።

የመጀመሪያው ምላሽ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። “ማን ልኮሽ ነው?” የአንዱ ቀስቃሽ የሌላው ሰላይ አደረገኝ፣ የሌላው ደግሞ የዚህ። ጎረቤቶቼም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ዓይነት አዩኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ የምትሠሪ ከሆነ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሰው ሳይጠይቅሽ በፊት ተናገሪ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ “ኮፒው በራሴ ወጪ ነው፣ ለሁሉም እጩ አንድ ዓይነት ወረቀት ተሰጥቷል” ብዬ ጨመርኩ። ግማሹ ሰው አመነኝ። ቀሪው እስከ ዛሬ የሚያምነኝ አይመስለኝም።

ከዚያ አንድ እጩ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ፣ ራሱ መጣ። ወረቀቱን ቆሞ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። “እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እኔ የምወዳደረው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኮብልስቶን እዚያ አይወሰንም።” ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበር። አንደኛው ወዲያው፣ “ሰማሽ? ገና ሳይመረጥ አይመለከተኝም አለ!” ብሎ አፈጠጠበት። ሰውዬው ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም። እኔም ጭምር፣ ሰበብ ነው ብዬ ነበር።

ማታ ላይ ነገሩ ሲከነክነኝ ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አየሁ። ሰውዬው ልክ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የምንሰጠው ድምፅ ሁለት ነበር፣ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለሲዳማ ክልል ምክር ቤት። የከተማ ምክር ቤት ምርጫ በዚያ ዓመት የተደረገው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ጥያቄዎቼ አብዛኞቹ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀርቡ ናቸው፣ የከተማው ምክር ቤት ወንበር ደግሞ ለምርጫ አልቀረበም። “ውሃችሁን በሦስት ወር” ያለው ቀስቃሽ ግን ጭብጨባ አግኝቶ ሄዷል፣ እውነቱን የነገረን ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ። በዚህ ቀን አሁንም አፍራለሁ። ፖለቲከኞቹ ባዶ ናቸው ብለን ስናማርር፣ ባዶነቱን በጭብጨባ የምንገዛው እኛ ነን። ማንም የማያጣራውን ጥያቄ ጠይቀሽ ማንም የማያጣራውን ተስፋ ትቀበያለሽ፣ በቃ ተለያየን።

ወረቀቱን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩ። በዚህ መሃል የምርጫው ቀን ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 ተገፋ፤ ሰው ሲያማርር እኔ ጊዜ አገኘሁ። ለሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት የተለያየ ገጽ አዘጋጀሁ። “ምን ታደርጋላችሁ?” የሚለውን ጥያቄ በሙሉ ሰረዝኩ፣ ምክንያቱም እሱን የጠየቅሽው ሰው ሰማይን ይሰጥሻል። በምትኩ ሁለት እግር ያለው ጥያቄ፤ አንዱን ካልመረጠ የማይመለስ። “የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ ቢቀርብ ትደግፋለህ ወይስ ገበያው ይወስን ትላለህ?” “ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል፤ ከተመረጥክ በዓመት ስንት ጊዜ እዚህ መጥተህ ትጠየቃለህ?” ለክልሉ ደግሞ ሐይቁን አነሳሁ። ደለሉና ቆሻሻው የሚገባው ከእኛ በኩል ብቻ አይደለም፣ ማዶው ኦሮሚያ ነው። “ከጎረቤት ክልል ጋር ምን ዓይነት ስምምነት ትፈልጋላችሁ?” አልኩ። ጎረቤትን እየሰደቡ የማይመለስ ጥያቄ ነው፣ ሆን ብዬ ነው።

የእድሩን ድንኳን ልንጠቀም አስበን ነበር። ሰብሳቢው ግን፣ “እድሩን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡብን፣ ነገ ለቅሶ አብረን ነው የምንቀመጠው” አሉ። እውነታቸውን ነው። አግዳሚውን ብቻ ተከራይተን ጋሼ ግቢ አቮካዶው ሥር ደረደርን። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 21 ነው፣ ከሰዓት። ማታ ቼልሲና ሲቲ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሚገናኙበት ቀን መሆኑን ማን ልብ አለ! ግማሹ ጎረምሳ በግማሽ ልቡ ነው የመጣው።

ሦስት እጩዎች ጠራን። አንዱ ራሱ መጣ፣ አንዱ ወኪል ላከ፣ አንዱ ስልክ አላነሳም። ጋሼ ብርጭቆና ማንኪያ ይዘው ተቀመጡ። ተናጋሪው ሌላ ፓርቲ ባነሳ ቁጥር ብርጭቆውን በማንኪያው መትተው ‘ቂል’ ያደርጉታል። ወኪሉ ወጣት ነው፣ ደህና አንደበት አለው። ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። “እንደሚታወቀው ባለፉት ዓመታት እነዚህ...” ቂል። “እሺ ይቅርታ፤ ማለት የፈለግኩት የኪራይን ጉዳይ ያበላሹት...” ቂል። ሰው መሳቅ ጀመረ። አራተኛው ላይ ወረቀቱን አጠፈና እጁን ዘረጋ። “እንግዲህ ስለ እነሱ ካላወራሁ ምን ላውራ?” ግቢው በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ። በኋላ ቡና ስንጠጣ ለብቻዬ፣ “የሚሰጠን ጽሑፍ ይሄው ነው፣ እኛም እንደ አንቺ ወረቀት ተቀባይ ነን” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስቃሽ ላይ መናደድ አቆምኩ።

ራሱ የመጣው እጩ በአንፃሩ ማንኪያው አንዴም አልነካውም። በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ፣ ቋሚ ኮሚቴ ምን እንደሚሠራ ሃያ ደቂቃ አስረዳ። ጥሩ ነገር ተናገረ፣ ግን ሰው አዛጋ። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሾለኩ፣ ወንበር ሳይያዝባቸው። ስድብ ሰው ይሰበስባል፣ ቁም ነገር ሰው ይበትናል። ይሄን ሳልጠብቅ መግባቴ የኔ ጥፋት ነው። ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ ብዬ ብገድብ ኖሮ ያ ሰውዬ የተሻለ ሰው ይመስል ነበር። ዝግጅት ማለት የሚናገረውን ሰው ከራሱ ርዝመት ማዳንም ነው።

ሦስቱን ወረቀቶች የሱቄ መስታወት ላይ ለጠፍኩ። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ባዶ። ሙሉውን ማንም ቆሞ አላነበበውም ማለት ይቻላል። ባዶው ፊት ግን ሰው ይሰበሰባል። የባጃጅ ሾፌሮች ተሳፋሪ ይዘው ቆም ብለው ያሳያሉ፣ “ያ ነው፣ ያልመለሰው።” የባዶው ወረቀት ባለቤቶች አንድ ቀን መጥተው እንዳነሳው ጠየቁኝ። “ሞልታችሁ ስጡኝና በሙሉው እተካዋለሁ” አልኳቸው። አልሞሉትም፤ ኮፒያቸውን ሌላ ቤት ወሰዱ፣ የዱቤውንም ሒሳብ ይዘው ሄዱ። ድምፅ መስጫው አራት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ የሚከለከልበት የጥሞና ጊዜ ገባ። ቅስቀሳ ነው እንዳልባል ሦስቱንም አነሳኋቸው።

ሰኔ 14 ሰኞ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው። በክልላችን የድምፅ መስጫ ወረቀት እያጠረ ወደ ማግስቱ የተሻገረበት ቦታም ነበር። ቡና ሻጯ ከፊቴ ቆማ ነበር፤ ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። የወረቀቴ ነገር ውጤቱን በአንድ ድምፅ እንኳ ቀይሮ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አይመስለኝም።

ያኔ ሁለት እግር ያለው ጥያቄ ብዬ የጻፍኩት የኪራይ ጉዳይ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ ፊት ቀረበ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሆኖ ወጣ። በዓመቱ የንብረት ታክስ አዋጅ ተከተለ። እኔ ሱቄም ቤቴም ኪራይ ነው፤ ዜናውን ስሰማ ያስቀመጥኳቸውን በራሪ ወረቀቶች አውጥቼ አገላበጥኩ። “ኪራይ” የሚል ቃል በአንዱም የለም። “ታክስ” የሚልም የለም። “ከሃዲ” የሚለው ስድስት ቦታ አለ።

አሁን አምስት ዓመቱ ሞልቶ ቅስቀሳው ተመልሷል። ጥያቄዎቹን አድሻለሁ፣ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማንኪያውን ግን ለማንም አልሰጥም ብለዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የቅስቀሳ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ሁለት መቶ ኮፒ። ያችው አሮጌዋ ማሽን አሥረኛው ላይ ያዘችው። ጎትቼ አወጣሁ፣ አነበብኩ፣ ገለበጥኩ። ጀርባው ባዶ ነው።

“ጀርባው ላይ የኔን ሦስት ጥያቄ ኮፒ ላድርግበት? በነፃ ነው” አልኩት።

አለቃውን ሊጠይቅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። ወረቀቱ እስካሁን እኔ ጋ ነው።