ከላፕቶፔ ማን ማን ይወጣል? የታይኒዎል ሙከራዬ

ኔትወርክ አብረን ለምንማር ልጆች፣ ቃል በገባሁት መሠረት ይኸው። ሰሞኑን ታይኒዎል የሚባለውን ነፃ ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ግንኙነት የሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ እየሠራሁበት ነው። ያየሁትን እንዳለ ላስቀምጥላችሁ። በተለይ በስልክ ሆትስፖት ለምትሠሩና ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ አሮጌ ማሽን ለያዛችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መነሻዬ ዳታ ነው። እዚህ ባሕር ዳር የምኖርበት ቤት ዋይፋይ የለም። ፓኬጅ እገዛለሁ፣ የስልኬን ሆትስፖት እከፍታለሁ፣ ላፕቶፑን አገናኛለሁ። ከዚያ አንድ ፒዲኤፍ ከፍቼ ሳነብ፣ ምንም ነገር ሳላወርድ፣ ፓኬጁ ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት ይመጣል። «ኮምፒውተሩ በላው» እንላለን፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ኮምፒውተር ግን ዝም ብሎ ዳታ አይበላም። የሚበላው ስም ያለው፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚታወቅ አንድ ፕሮግራም ነው። ያንን ስም ማወቅ ፈለግኩ።

ዊንዶውስ እኮ የራሱ ፋየርዎል አለው የሚል ሰው ይኖራል። አለው፣ ጥሩም ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ጀምሮ ፋየርዎል ነበረው፤ ተከፍቶ ግን አይመጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ብላስተር የሚባለው ዎርም (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ቫይረስ) በኔትወርክ ብቻ እየገባ ዓለምን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት በቀጣዩ ዓመት ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለውን የኤክስፒ ትልቅ ማሻሻያ ሲያወጣ ፋየርዎሉ ከመጀመሪያው ተከፍቶ እንዲመጣ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ያልጠራነው እንግዳ ከውጭ ሲያንኳኳ በሩ አይከፈትለትም።

ችግሩ ወዲያኛው አቅጣጫ ላይ ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል እንደመጣ ከተተወ የሚገባውን ይከለክላል፣ የሚወጣውን ሁሉ ይለቃል። የመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ስትገቡ ይፈትሻችኋል፤ ዕቃ ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ መውጫ ወረቀት ይጠይቃችኋል። የዊንዶውሱ ጥበቃ መውጫ ወረቀት አይጠይቅም። ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሁሉ የፈለገውን ይዞ፣ ወደፈለገው አድራሻ፣ በፈለገው ሰዓት ይወጣል። የሚወጣውንም እንዲከለክል ማዘዝ ይቻላል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አቅሙ አለው። ግን ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሕጉን በእጅ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው። ያ ሥራ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ታይኒዎል ያቀለለው እሱን ነው።

ሌሎችም ነፃ መሣሪያዎች አሉ። ሲምፕልዎል አለ፣ ፖርትማስተር አለ። ሲምፕልዎል አዲስ ፕሮግራም ሊወጣ ሲል መስኮት ከፍቶ «ልፍቀድለት ወይስ ልከልክል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይሄን ይወደዋል። እኔ ግን ጥያቄ የሚያበዛ ፋየርዎል መጨረሻው ሁሉንም «እሺ» ማለት ነው ባይ ነኝ። ሥራ ላይ ያለ ሰው መስኮቱን ከፊቱ ለማስወገድ ይጫናል እንጂ አያነብም። ታይኒዎል አይጠይቅም። ያልተፈቀደለትን ዝም ብሎ ያግዳል። ፈቃድ መስጠት ስትፈልጉ እናንተ ሄዳችሁ ትሰጣላችሁ። ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው የማረከኝ።

መጫኛው በጣም ትንሽ ነው፤ በሆትስፖት እንኳ ለማውረድ አያሳስብም። የራሱን ድራይቨር (ከሥርዓቱ ሥር ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ዊንዶውስ ውስጥ አይተክልም። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የማጣሪያ ሥርዓት ነው የሚሠራው። ማሽኔ ቀርፋፋ ነው፣ ታይኒዎል ግን ተጨማሪ ክብደት አልሆነበትም። ስታወርዱት ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱ። ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ ፋየርዎል አትጫኑ፤ ጥበቃውን ራሱን ከማን እንደተቀበላችሁ ማወቅ አለባችሁ።

እንደጫንኩት ቴሌግራም ለመገናኘት እየሞከረ ቀረ። ስሕተት የሚል መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ያቺ ክብ ብቻ ትዞራለች። ከታች በስተቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ የታይኒዎል ትንሽ ምልክት አለች። እሷን በቀኝ ስትጫኑ ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ፕሮግራሙን በመስኮቱ የመፍቀድ ምርጫ አለ። እሱን መረጥኩ፣ ከዚያ የቴሌግራምን መስኮት አንዴ ጠቅ አደረግኩ። በቃ። ወዲያው የተጠራቀመው መልእክት ተግተልትሎ ገባ። ለብራውዘሬም እንዲሁ አደረግኩ። መስኮት የሌለው ፕሮግራም ሲሆን ፋይሉን ፈልጋችሁ ወይም አሁን እየሠሩ ካሉት ዝርዝር መርጣችሁ ትፈቅዳላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ሳልፈቅድ ተውኩት። መማር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ ግንኙነቶችን የሚያሳይ መስኮት አለ። የፕሮግራሙን ስም፣ ፖርቱን (ግንኙነቱ የሚያልፍበትን የበር ቁጥር)፣ የሚሄድበትን አድራሻ ያሳያል። በቅርብ ደቂቃዎች የታገዱትንም ለይቶ ያወጣል። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ምንም ሳልነካ፣ ሻይ ይዤ ተመለከትኩት። ከፍቼው የማላውቀው የፋይል ማከማቻ ፕሮግራም ሊወጣ ሞክሮ ታግዷል። ድሮ ለሸጥኩት ፕሪንተር የተጫነ አፕዴት ፈላጊ አለ፤ ፕሪንተሩ ሄዷል፣ እሱ ግን እስካሁን አፕዴት ይፈልጋል። የፒዲኤፍ ማንበቢያው የራሱ መልእክተኛ አለው። አብዛኞቹ በ443 ነው የሚወጡት፤ ብራውዘር የሚጠቀምበት ፖርት ስለሆነ ፖርት ብቻ ቆጥሮ ማንን ከማን መለየት አይቻልም። የሚለየው የፕሮግራሙ ስም ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ፖርት ስንማር ይሄ ነገር እንዲህ ቁልጭ ብሎ አልታየኝም ነበር።

የፕሪንተሩን ፕሮግራም አላገድኩትም፣ ነቅዬ ጣልኩት። ይሄንን ልብ በሉልኝ። የማትጠቀሙበትን ማገድ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ራምም ይዟል፣ ዲስክም ይዟል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ፣ ብዙም ያስተማረኝ፣ ሰርቪስ ሆስት ነው። እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች በሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ተደርድሮ የምታዩት ነው። እሱ ፕሮግራም አይደለም ማለት ይቻላል፤ የዊንዶውስ አገልግሎቶች በእሱ ስም ነው የሚሮጡት። የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲ ኤን ኤስ በእሱ ውስጥ ነው። ሰዓት የሚያስተካክለው በእሱ ውስጥ ነው። የዊንዶውስ አፕዴትም እንዲሁ። ስለዚህ ሰርቪስ ሆስትን በጅምላ ብታግዱት ኢንተርኔታችሁ ቀጥ ይላል። በጅምላ ብትፈቅዱት ደግሞ የማታውቁት አገልግሎት ሁሉ በአንድ ስም ይወጣል። መልሱ አገልግሎቱን በስሙ ለይቶ መፍቀድ ነው፤ ታይኒዎል ይሄን ያውቃል፣ አስፈላጊ የሆኑትን የዊንዶውስ አገልግሎቶች ለይቶ የሚፈቅድበት የራሱ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10፣ ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ከሆነ፣ አገልግሎቶቹ አብዛኞቹ ለየብቻቸው ነው የሚሮጡት። ዝርዝሩ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ርዝመቱ አያስደንግጣችሁ፤ እንዲያውም ማን ምን እንደሚሠራ ለማየት ያመቻል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ የዊንዶውስ አፕዴትን ለዘለዓለም አትዝጉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የሆስፒታልና የድርጅት ኮምፒውተሮችን ፋይል ሲቆልፍ፣ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ወጥቶ ነበር። የተጎዳው ያልጫነው ነው። እኔ ሆትስፖቱን በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ሜትርድ» ብዬዋለሁ። ዊንዶውስ ዳታው የሚቆጠር መሆኑን ስለሚያውቅ ትልልቁን አያወርድም። አፕዴቱን ነፃ ዋይፋይ ሳገኝ አወርዳለሁ። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውንም እዩት። ያወረዳችሁትን አፕዴት ከእናንተ ወስዶ ለሌላ ኮምፒውተር የሚያካፍል ነው። በኢንተርኔት ላሉ ኮምፒውተሮችም እንዲያካፍል ከተፈቀደ ዳታችሁ በዚያም ይወጣል።

ታይኒዎል የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜጋባይት እንደበላ አይቆጥርም። ለእሱ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚለው ሥር፣ ዳታ ዩሴጅ አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው። አንደኛው ማን እንደሚወጣ ይነግራችኋል፣ ሌላኛው ምን ያህል ይዞ እንደወጣ።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኅትመት ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ። የተማሪ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ይሰካባቸዋል። «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ለእኔም ጫንልኝ» አሉኝ። ተማሪ ሳይመጣ በጠዋት ሄጄ ጫንኩላቸው። ከሁለተኛው ኮምፒውተር ሲያዙት ማተሚያው ዝም አለ።

«ምነው ይሄ? ቅድም ደህና አልነበረም?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ የቤቱ ውስጥ በር ነው የተዘጋው።»

ማተሚያው የተጋራው በኬብል በተገናኙት በሁለቱ መካከል ነው፤ ኢንተርኔት ውስጥ የለበትም። ፋየርዎሉ ግን የቅርቡንም የሩቁንም እኩል ነው የዘጋው። ከምልክቷ ዝርዝር የአካባቢ ኔትወርክን የሚከፍተውን ምርጫ አበራሁት፤ ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። ቅንብሩን ማንም እንዳይነካው በፓስወርድ ቆለፍኩላቸው። ለጋሼ ደግሞ በግልጽ ነገርኳቸው፦ ይሄ አንቲቫይረስ አይደለም። በፍላሽ የሚመጣውን የሾርትከት ቫይረስ አያስቆመውም። ሊያደርግ የሚችለው፣ የገባው ነገር ወደ ላኪው መልሶ እንዳይገናኝ መንገዱን ማጥበብ ነው። ይኸውም ቢሆን በተፈቀደለት ብራውዘር ተከልሎ የሚወጣ ከሆነ ያልፈዋል። ዲፌንደራቸው፣ ማለትም የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ተከፍቶ እንዲቆይ አድርጌ ነው የወጣሁት።

የአካባቢ ኔትወርክን የሚከፍተው ምርጫ ለጋሼ ልክ ነው፣ ላፕቶፕ ይዞ ለሚዞር ግን አይደለም። ጣና ዳር ካፌ ተቀምጣችሁ ዋይፋዩን ስትይዙ፣ የአካባቢ ኔትወርክ ማለት እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ እኔ ዘግቼው ነው የምሄደው። ዊንዶውስ ራሱ ሲጠይቃችሁም የካፌውን ዋይፋይ «ፐብሊክ» በሉት።

ራሱ እንዲማር የሚያደርገው አውቶለርን የሚባል አሠራርም አለ። ለተወሰነ ጊዜ የወጣውን ሁሉ መዝግቦ ይፈቅዳል። ፈጣን ነው፣ ግን ንጹሕ መሆኑን ባላረጋገጣችሁት ማሽን ላይ አትጠቀሙበት። ቫይረስ ካለ እሱንም መዝግቦ ይፈቅድለታል።

ፋየርዎል የሚፈልገው ክራክ ያደረገው (ሳይከፍል ቁልፉን ሰብሮ የሚጠቀምበት) ፕሮግራም ከሠሪው ድርጅት ጋር እንዳይገናኝ ለማድረግ ብቻ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ይሄ አሳቤ አይደለም። እንዲያውም በግንኙነቶች መስኮት መጀመሪያ ልትጠረጥሩት የሚገባው ክራኩን ራሱን ነው። ማን እንደነካካው አታውቁም። ለብዙው ሥራ ነፃና ሕጋዊ ምትክ አለ፤ ሊብሬ ኦፊስን መጫን ይቀላል።

አሁን የፓኬጄ ዕድሜ ረዝሟል። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ማድረጉም አግዟል፤ እሱ የፋየርዎል ሥራ አይደለም፣ በራሱ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ነው።

የሚቀጥለው ሥራዬ ሲምፕልዎልን በሌላ ማሽን ላይ መሞከር ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጫን አልፈልግም፣ ሲጋጩ ማን እንዳገደ አይታወቅም። ዊንዶውስ 11 ላይ ታይኒዎልን የጫናችሁ ካላችሁ፣ ከሰርቪስ ሆስት ውስጥ የትኞቹን አገልግሎቶች እንደፈቀዳችሁ ስማቸውን ጻፉልኝ። የእኔን ዝርዝር ከእናንተ ጋር አስተያይቼ፣ ለጋሼ ሁለተኛው ኮምፒውተር የሚሆነውን አዘጋጃለሁ።