ቀለሙን ትቶ ሥራውን ማየት

ወፍ ለማየት ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄድ ሰው ዋዜማውን እዚያው ቢያድር ይሻለዋል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ወፍ ደግሞ ተሳፋሪ አይጠብቅም። እኔም አድሬ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ገና ሳይነጋ ውኃው ዳር ደረስኩ።

የከተማው ዳርቻ ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከማዶ ወጥታ ዓይን ላይ ድቅን ትላለች። ባይኖኩላር ቢኖርም ቀለም አይለይም፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው። ስለዚህ ቀለሙን ትቼ ሥራውን ማየት ያዝኩ።

መረባቸውን የሚሰበስቡ አንድ አባት ዳር ዳሩን ስዞር አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ አረፍ በል እንጂ! በተንቀሳቀስክ ቁጥር ትበትናቸዋለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከአንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ እንደቆየሁ ወፎቹ ረሱኝ።

ግንድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ እንደ ተሰጣ ልብስ የቆመው ኮርሞራንት ነው። ዓሣ ፍለጋ ሲጠልቅ ላባው ይርሳል፣ ከዚያ ያደርቀዋል። ይህን ለማወቅ ቀለም ምን ያደርጋል? ቄጠማው ሥር የሚዋኘው ደግሞ ዳክዬ መሳይ ነው፤ ቀረብ ሲል ግንባሩና መንቁሩ ነጭ ሆኖ ታየ። ኩት ይባላል። የእግሩ ጣቶች እንደ ዳክዬ በቆዳ አልተያያዙም።

ልቤን የወሰደው ግን ዓሣ አጥማጁ ወፍ ነው፤ ያ ጥቁርና ነጩ። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ድንገት ቁልቁል ተወርውሮ ጧ! ትንሽ ዓሣ ይዞ ወጣና ቅርንጫፉ ላይ አሥሬ ደበደባት። ከዚያ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ዋጣት። በጅራቷ ቢጀምር ክንፏ ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ከኋላዬ ማሳው ላይ የሚንጫጩት ቆልማማ መንቁር ያላቸው፣ ከአንገታቸው ሥር ቁራጭ ቆዳ የተንጠለጠለባቸው አይቢሶች ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም አይገኙም። ዞር ስል ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለሆነች እነሱን በቀለማቸውም አየኋቸው፤ ጀርባ መስጠትም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ረፈድ ሲል ልብስ አጣቢውም ከብት አጠጪውም መጣ፣ ወፎቹም ቄጠማው ውስጥ ገቡ። እኔም ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጥብስ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጣሁ። ቆሮሶ ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት።