ደሴ ላይ ፍሬም ፍለጋ

ወሎ የወሰደኝ የብረት የሳይክል ፍሬም ነው። ደሴ የሚኖር አብሮ አደጌ አንድ ማታ ፎቶ ላከልኝ፣ በጅቡቲ በኩል የገቡ ያገለገሉ የኮርሳ፣ ማለትም የውድድር ሳይክል፣ ፍሬሞች የሚሸጡ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋቸዋል፣ እስኪ እያቸው አለኝ። ፎቶውን እያሰፋሁ የኋላውን ጎማ በሚያቅፉት ቱቦዎች መሀል ያለውን ክፍተት ስገምት አመሸሁ። እኔ የምፈልገው መሪው የኮርሳ የሆነ፣ ፍሬሙ ብረት የሆነ፣ ግን 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚያስገባ ሳይክል ነው፣ እንደዚህ አይነቱ ደሞ ሱቅ ገብተህ አምጣው የምትለው እቃ አይደለም። ያለው ወይ ማውንቴን ነው ወይ ቀጭን ጎማ ያለው ኮርሳ፣ መሀል ላይ ያለውን ፈልገህ ነው የምታገኘው።

38 ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የእናቴ አገር ወረኢሉ ነው፣ ከደሴ ወረኢሉ በሳይክል መሄድ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው፣ አስፋልት ላይም ፒስታ ላይም ኮረኮንች ላይም የማያስወርድ ሳይክል ያስፈልገኛል። 25 ጎማ ቸርኬው ድንጋይ እንዳይመታው 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ መነፋት አለበት፣ እንደዛ ሲነፋ ደሞ እያንዳንዱ ጠጠር ክንድህ ድረስ ይሰማሃል። 38ቱ በግማሹ አየር ይሄዳል፣ ጠጠሩን ጎማው ራሱ ውጦ ያስቀረዋል። ቀጭን ጎማ ይፈጥናል ብለው የሚከራከሩኝ ልጆች አሉ፣ ግን ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ሲገባ እነዚያ ፕሮፌሽናሎች በብዛት 25 ነበር የሚነዱት፣ አሁን 28 እና 30 ላይ ደርሰዋል፣ ያውም በነሱ አስፋልት።

ሁለቱን ቸርኬ ከነጎማቸው ይዤ ነው ከባህር ዳር የተነሳሁት። ፍሬም የሚመረጠው በጎማ ነው፣ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፣ ያው ጎማ ሰፋ ያለ ቸርኬ ላይ ሲገባ 39ም 40ም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የራስህን ጎማ ፍሬሙ ውስጥ ከትተህ ማየትን የሚያህል ነገር የለም። የመኪናው ረዳት ግን ለሁለቱ ጎማ 300 ብር አለኝ፣ እግሬ ስር አቅፌያቸው እሄዳለሁ ብለው አልሰማም፣ ከላይ ጣሪያው ላይ አስጭኖ 300 ተቀበለኝ፣ ከጎኔ ሁለት ኩንታል ጤፍ የጫነችው ሴትዮ 200 ነው የከፈለችው። ይሄ ነገር እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አናደደኝ። ከዛ በኋላ ያለውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት፣ ጋሸና ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ፣ ወልዲያ ሽሮ በላን፣ ደሴ ስንገባ መሽቷል፣ ዝናብም አለ።

አልጋ የያዝኩት መናኸሪያው አካባቢ ነው፣ በስልክ 700 ያሉኝን ስደርስ 1000 አደረጉት፣ ምክንያቱ ምንድነው ስላቸው ጎማዎቹን ክፍል ውስጥ ስለምታስገባ ነው አሉኝ። ውሃ የለም፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ ከታች ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን ለቆት አደረ፣ እሱ ዝም ሲል ደሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ባህር ዳር ሌሊት ዝም ያለ ነው፣ እኔ ዝምታ ለምጃለሁ፣ በዛ ላይ ሙቀት። የደሴን ብርድ ጦሳ ተራራ ስር ያደረ ሰው ነው የሚያውቀው፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። 11 ሰዓት አካባቢ አዛኑና የቅዳሴው ድምፅ ተከታትለው ሲመጡ ነቅቼ ተቀመጥኩ፣ የዚያን ሌሊት ደስ ያለኝ ነገር እሱ ነው።

መካኒኩ ሱቃቸው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ኮብል የተነጠፈበት ቅያስ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። ጎማዎቼን ተሸክሜ ስገባ ሳቁና "አብሽር፣ ከነጫማህ ነው የመጣኸው" አሉኝ፣ ቡና እየተፈላ ነበር፣ አቦሉን ሳልጠጣ ፍሬም አላሳይህም ብለው አስቀመጡኝ። ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው "ልጄ ዋጋው ይቆይ፣ መጀመሪያ ይግባልህ" ነው ያሉኝ፣ እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ምክር ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሶስት ፍሬም አወረዱልኝ። የመጀመሪያው ጣልያን ነው፣ የቱቦ ሰሪው የኮሎምበስ ምልክት ያለበት ሰማያዊ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ፣ ቆንጆ። የኋላ ጎማዬን ስናስገባው አክሱሉ ቦታው ሳይደርስ ጎማው ሁለቱን ቱቦዎች ነካ። እንዲህ አይነቱ ፍሬም ለውድድር ነው የተሰራው፣ የኋላው ቱቦ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጎማው ወደ ፔዳሉ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፣ እዛ ጋ ደሞ ቱቦዎቹ ይጠባሉ። ፍሬኑም ያው ነው፣ የውድድር ፍሬን ከብሎኑ እስከ ሸራው ያለው ርዝመት ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዛች ክፍተት 28 ከገባ ትልቅ ነገር ነው። ሰቀልነው።

ሁለተኛው እንግሊዝ ነው፣ ሬይኖልድስ 531 የሚል ጽሁፍ አለበት፣ ይሄ ቱቦ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሲሰራ የኖረ ነው፣ እኔ በፎቶ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ፍሬሙ የተሰራው ለድሮው 27 ኢንች ጎማ ነው። 27 ኢንቹ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔ 700 የሚባለው ቸርኬ 622 ነው፣ ስለዚህ የኔን ጎማ ስትከትበት ከላይ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት በነፃ ታገኛለህ፣ ብዙ ሰው አሮጌ ፍሬም በዚህ ዘዴ ነው ወፍራም ጎማ የሚያስገባበት። ረጅም ክንድ ያለው ፍሬን ከ47 እስከ 57 የሚደርሰውን ከፈለግክለት ሸራውም ቸርኬው ጋ ይደርሳል። ግን ክፍተቱ የጨመረው ወደ ላይ ነው፣ ወደ ጎን ምንም የተጨመረ የለም። ጎማው ገባ፣ ዞረ፣ ግራና ቀኝ የቀረው ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሀጂ ጎንበስ ብለው አዩትና "ይሄ በበጋ ነው፣ ዋልካው ሲይዘው ግን ተሸክመኸው ነው የምትመለሰው" አሉ። ዋልካ ጭቃ የሄደበት ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ከጎማው ጋር ተጠቅልሎ ይወጣና ቱቦው ስር ይደፈናል፣ ከዛ ጎማው አይዞርም። ለዛ ነው በየጎኑ ቢያንስ 5 ወይ 6 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት የምለው።

ሶስተኛው ምንም ጽሁፍ የለበትም፣ ቀለሙ የተላላጠ አረንጓዴ፣ ከሰማያዊው አጠገብ ሲያዩት የሚያስቀና ነገር የለውም። ግን የኋላው ቱቦ 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ለካንቲሊቨር ፍሬን የሚሆኑ ጉጦች ፊትም ኋላም ተበይደውበታል፣ ካንቲሊቨር ደሞ ከሁለት ጎን ስለሚይዝ ለጎማው ጣሪያ አያበጅበትም። ስፋቱ ልክ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ ቆርጬ ይዤ ነበር፣ ከአክሱሉ ቦታ 33 ሳንቲ ሜትር ለካሁ፣ የኔ ጎማ ሆዱ የሚያርፈው እዛ ጋ ነው፣ ጣውላውን በቱቦዎቹ መሀል ሳሳልፈው ሁለቱንም ጎን ዳስሶ አለፈ። 50 ሲቀነስ 38፣ ለሁለት፣ 6። በጣም ደስ አለኝ፣ ሀጂ ፊቴን አይተው ዋጋ እንዳይጨምሩ ብዬ ዝም ለማለት ሞከርኩ፣ እሳቸው ግን ዋጋ የሚጨምር ሰው አይደሉም።

ከዛ ምርመራ። ማግኔት አስጠጋንበት፣ ሁሉም ቦታ ያዘ። ሀጂ አውራ ጣታቸውን ከመሪው ስር በሚወርደው ወፍራም ቱቦ ሆድ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ጎተቱ፣ ከመገጣጠሚያው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆሙ፣ እንደገና ጎተቱ፣ ፊት ለፊት የተጋጨ ፍሬም እዛ ጋ ቱቦው ትንሽ ያብጣል ወይ ቀለሙ ይሸበሸባል። ምንም የለም። ሲንጀር መኪናቸው ላይ ከነበረው ክር ፈተው ከኋላ አንዱ ጎን አሰሩ፣ ፊት ባለው አጭር ቱቦ ዙሪያ አዙረው በሌላው ጎን መለሱት፣ ከክሩ እስከ መቀመጫው ቱቦ ድረስ ግራና ቀኙን በሜትር ለካን፣ ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፔዳሉ በሚገባበት ቀዳዳ በስልክ መብራት ሳይ ውስጡ ላይ ላዩን ዝገት አለ፣ የበላው ግን የለም።

የቀረው የኋላው አክሱል የሚገባበት ስፋት ነበር። ፍሬሙ 126 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔ ቸርኬ 130። አሉሚኒየም ወይ ካርቦን ቢሆን እዚህ ላይ ነበር የምንለያየው፣ ብረት ግን በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ሲከፍቱት ተከፍቶ ይቀራል። ሀጂ በረጅም ብሎንና በሁለት ዳዶ ቀስ እያሉ ገፉት፣ እየለቀቁ ለኩ፣ እንደገና ገፉት። ብረት የምወደው ለዚህ ነው፣ ወረኢሉም ሆነ ከላላ ቢሰበርብኝ በያጅ አይጠፋም። እሳቸው ግን አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ፣ ኤሌክትሪክ ብየዳ እንዳታስነካው፣ ቱቦው መሀሉ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ ይበሳዋል፣ በጋዝ በናስ የሚበይድ ሰው ፈልግ አሉኝ።

ፍሬንና ፔዳል ከራሳቸው ሳይክል ፈተው ገጥመውልኝ በማግስቱ ሐይቅ ድረስ ሞክረው አሉኝ፣ መታወቂያ እንኳን አልጠየቁኝም። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ይበዛል። ባህር ዳር ሳይክል ማለት ሜዳ ላይ ዘንባባ ስር ቀስ ብሎ መሄድ ነው፣ ሰው ዳቦ ገዝቶ በሳይክል ይመለሳል፣ እዚህ ግን ኩርባው ሳያልቅ ሌላ ኩርባ ይመጣል፣ ከኋላህ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ይለቅብሃል፣ ጡሩምባውን አልወደድኩትም። ፍሬሙን ግን ወደድኩት። ኩርባ ላይ ተረጋግቶ ነው የሚታጠፈው፣ ቀስ ብዬ መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞርም ጫማዬ ፊት ጎማውን አይነካም፣ ወፍራም ጎማ አጭር ፍሬም ላይ ሲገባ ይሄ የሚረሳ ችግር ነው።

ከከተማው ወደ ሐይቁ ስታጠፍ ማታ የዘነበበት መንገድ ጠበቀኝ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛ በኩል ነው፣ ለሳይክል ብዬ በመጣሁበት ቀን ተሳልሜ መመለሴ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ዋልካው ያዘኝ፣ ጎማው ጥቁር ሆነ፣ ወርጄ አየሁት፣ ፔዳሉ አጠገብ ካለችው ትንሽ ድልድይ ስር ጭቃው ሳርና ገለባ ይዞ እየተላጨ በቀጭኑ ይወድቃል፣ ጎማው ግን ይዞራል። እዛው ቆሜ ፍሬሙን እንደምገዛው ወሰንኩ።

ቡና የምታፈላ እናት ጀሪካን ውሃ አምጥታ እጥበው አለችኝ፣ 20 ብር ብሰጣት "የመንገደኛ ውሃ ይሸጣል እንዴ ልጄ" ብላ መለሰችልኝ፣ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥቼ የቡናውን ብቻ ከፈልኩ። አሳም በላሁ፣ ጥሩ ነው፣ የጣናውን ግን አያህልም። ሽቅቡን ግማሽ በፔዳል ወጣሁት፣ ከዛ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ራሱ ቆሞ ከነሳይክሌ ጭኖ ደሴ አደረሰኝ፣ ሂሳብ ስል እጁን አወናጨፈ።

ሀጂ 8500 አሉ፣ 8000 አልኩ፣ 8200 ላይ ተስማማን፣ የሰሩበትንና እቃ ያዋሱኝን ጊዜ አላስከፈሉኝም። ፍሬሙን በማዳበሪያ ጠቅልለው ሰፉልኝ። ስመለስ የነበረው ረዳት ለፍሬሙም ለጎማዎቹም በጠቅላላ 150 ነው የወሰደው፣ ደረሰኝ ሁሉ ጻፈልኝ።

አሁን ቤት ነው ያለው፣ የኋላ ጎማው ገብቶ ግራ 6፣ ቀኝ 6፣ ከላይ 9 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ካንቲሊቨር ፍሬን፣ ካቴናና የፔዳሉ ኩሽኔታ ይጎድለዋል። ወረኢሉን መስከረም ጠብቶ ፒስታው ሲደርቅ ነው የማስበው፣ ካንቲሊቨር ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።