ከአቢስኮ በላይ ያገኘኋት አበባ

ዛሬ በሰሜን ስዊድን፣ ከአቢስኮ በላይ ዛፍ በማይበቅልበት ገላጣ ተንድራ ላይ፣ ለጥናት የሚሆኑ የዱር አበቦችን ስሰበስብ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1909 በተከለለው የአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አበባ መቅጠፍ ስለማይፈቀድ ከክልሉ ውጭ ርቀን መሄድ ነበረብን።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካችው በምንጭ ዳር፣ በጠጠር መካከል ያገኘኋት ነጭ አበባ አራቢስ አልፒና ናት። ይህችው ዝርያ በእኛ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይም ትበቅላለች፤ ተመራማሪዎች የዘር ሐረጓን ተከትለው መነሻዋ ትንሿ እስያ እንደሆነች፣ ከዚያም አንዱ ወገን ወደ አውሮፓ፣ ሌላው ወደ አፍሪካ ተራሮች እንደተጓዘ ደርሰውበታል። ይህን እያወቅሁ እንኳ፣ ፊት ለፊቴ ሳያት ለረጅም ጊዜ ተንበርክኬ ቀረሁ።

ሥሯን ሳልበጥስ አውጥቼ፣ አፈሩን በጣቴ አራግፌ በጋዜጣ ላይ ዘረጋኋት። አንዱን ቅጠል በፊቱ፣ ሌላውን በጀርባው አዞርኩት፤ የቅጠሉ ጠርዝና ስስ ጠጉሩ በሁለቱም በኩል መታየት አለበትና። ከዚያም ውሃ መጣጭ ወረቀትና ካርቶን ደራርቤ በእንጨት መጭመቂያው ውስጥ በጠፍር አጥብቄ አሰርኩት። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ሲደርቅ ሊለወጥ የሚችለውን የአበባዋን ቀለም እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፤ የት እንደተገኘ ያልተጻፈበት ናሙና ለእኔ ከደረቀ ሣር አይለይም።

አሁን እኩለ ሌሊት ቢሆንም ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ሻጋታ እንዳይይዛት እርጥቡን ጋዜጣ ነገ በማለዳ እቀይርላታለሁ።