ፈጣን ቻርጀር በሌለበት ከተማ መኪናው የት ይሞላል?

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ክፍለ ሀገር መውጣት ጀምሯል። ፈጣን ቻርጀሩ ግን በዚያው ልክ አልተከተለውም። ትንሽ ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ ስሪ ፌዝ መስመር (ለትልልቅ ማሽኖች የሚሆን፣ ሦስት ኃይል ያላቸው ሽቦዎች ያሉት) ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት ወይም ትልቅ ሆቴል ነው። ኬብላቸው ወፍራም ስለሆነ አንዱ ፌዝ ብቻ 32 አምፔር ሳይቸገር ሊሰጥ ይችላል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 30 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር ወደ 15 ሰዓት፣ በ16 አምፔር ወደ 10 ሰዓት፣ በ32 አምፔር ደግሞ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 16 አምፔር ማለት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ማደር ነው። የሆቴል ክፍል ሶኬት ለዚህ አልተሠራም። የላላ ሶኬት መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በጀመራችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሶኬቱን በእጅ ዳስሱት፤ ካቃጠለ አምፔሩን ቀንሱ። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነ ሽቦው ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ባለ 40 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከሁለት ፌዝ መካከል እንዳትወስዱ ነው። እዚያ ያለው 380 ቮልት ከመኪናው ጋር የያዛችሁትን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ወዲያው ያቃጥላል። አንድ ፌዝና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መሆኑን ቮልት በሚያነብ ቴስተር ለኩ፤ 220 አካባቢ ማንበብ አለበት። ወፍጮው ሲነሳ ቮልቴጅ ስለሚወርድ ቻርጀሩ ይቆራርጣል፤ ስለዚህ ሥራ ካበቃ በኋላ ጀምሩ። በመኖሪያ ቤት መስመርም እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት እስኪያልፍ፣ ማለትም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ መታገሥ ይሻላል።

ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) አለመኖሩ ነው። ከፌዝ ወደ ኧርዝ 220 ገደማ፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። ይህን በፍጹም አትፍቀዱ! ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል፤ በሩን የሚነካ ልጅ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር ማገናኘትና እንደገና መለካት ነው።

የመኪናው የቻርጅ መሰኪያ ዓይነትም ይታሰብበት። ከቻይና የመጣ መኪና መሰኪያው ብዙውን ጊዜ ጂቢቲ የሚባለው፣ ከአውሮፓ የመጣው ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለው ነው። ለዝግተኛው ቻርጅ አዳፕተሩ ቀላል ነው፤ የፈጣኑ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትና ውድ ነው።

ክፍያ በሰዓት አትስማሙ፤ ቆጣሪውን ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ አንብባችሁ በኪሎዋት ሰዓት ተስማሙ። ባለቤቱ ካርድ ቆጣሪ ካለው ቀሪ ሒሳቡን አይታችሁ አስሞሉ፤ ሌሊት ካለቀ ጠዋት የምታገኙት ግማሽ ባትሪ ነው።

ስንት ይሙላ የሚለውን መልክዓ ምድሩ ይወስነዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን ሸለቆ የሚሻገር ሰው 1,400 ሜትር ገደማ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከመንገዱ ፍጆታ ጋር ሽቅቡ ከ11 በላይ ሊበላ ይችላል። ቁልቁለቱ ከዚህ ከፊሉን ይመልሳል፣ ነገር ግን ባትሪው ቦታ ካለው ብቻ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ 100 በመቶ ሞልቶ የወረደ ሰው የሚመለሰውን ኃይል ያጣል፣ ፍሬኑንም ያግላል። ዓባይን ለመውረድ 85 በመቶ ይበቃል።