ቱቦው እስኪወጣ

የግራ ጡቴ በብብቴ ሥር ካሉትና የሰውነትን ፈሳሽ ከሚያጣሩት የሊምፍ ዕጢዎች ጋር በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ፣ ከቁስሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ ከጎኔ በወጣው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ነበር። እህቴ ጠዋትና ማታ እየለካች በደብተር ትመዘግባለች፤ ደም የመሰለው ፈሳሽም እያደር ወደ ቢጫነት ተለወጠ። ሐኪሙ ቱቦው የሚወጣው በ24 ሰዓት የሚጠራቀመው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ መሆኑን ስለነገረኝ፣ ማጠራቀሚያውን በነጠላዬ ሸፍኜ «እግዜር ይማርሽ» ለሚለኝ ጠያቂ ሁሉ «አሜን» ስል ልቤ ከቁጥሩ ጋር ነበር። በግራ እጄ የደም ግፊት እንዳልለካ የተከለከልኩት ዕጢዎቹ የወጡበት ክንድ ሊያብጥ ስለሚችል ነው፤ ይህን አስቀድመው ቢያስረዱኝ (ጊዜውም ነበራቸው) እመርጥ ነበር። አሁን የምጠብቀው የፓቶሎጂውን (ከሰውነቴ የወጣው አካል በላቦራቶሪ የሚመረመርበትን) ውጤት ሲሆን፣ ቀጣዩ ሕክምናዬ የሚወሰነው በእርሱ ነው።